ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትን ባላገሩ እንዴትና ስለ ምን እንደሚወስድ

ፀረ ተሕዋስያን፥ በፈረንጅ ቃል አንቲባዮቲክ የሚባሉት መድኃኒቶች ከሰው ቤት ወደ ከብት በረት፥ ከከብት በረትም በወተትና በሥጋ ወደ ሰው ገበታ የሚዘዋወሩ ስለ ሆኑ፥ የእርሻና የከብት እርባታ ነገር በሚነገርበት በዚህ መጽሔት ስለ እነርሱ መጻፍ የተገባ ሆኖ ተገኝቷል። ጽሑፉም ለአስተዳዳሪዎች፥ ለወረዳ ሹማምንትና ለባለይዞታዎች የተጻፈበት ምክንያት አለው። ሐኪም መድኃኒቱን ያዝዛል እንጂ ገበያውን አያዝዝም። በገበያ ቀን ምን እንደሚሸጥ፥ የጤና ኬላው በር በስንት ሰዓት እንደሚከፈት፥ የከብት ክትባት በየትኛው ወር እንደሚደርስ የሚያውቀውና የሚጠየቅበት አስተዳዳሪው ነው።

ነገሩን በአንድ ስፍራ ላይ አቁሞ ማስረዳት ስለሚቀል እንጦጦን እንያዝ። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው፥ ብርዱ የጸና ተራራ ነው። አዲስ አበባ በ1886 ከመቆርቆሯ በፊት የዳግማዊ ምኒልክ ከተማ በዚያ ነበረ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የኢትዮጵያ ተብሎ ካልተለየ በቀር የተጻፈው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ዛሬ በደቡቡ ቁልቁለት የየካና የጉለሌ መንደሮች እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ ወጥተዋል፤ ተራራውን ወደ ሰሜን ሲሻገሩ ደግሞ የሱሉልታ የእርሻና የግጦሽ አገር ይገኛል። ከዚያ ወገን ወተት ወደ ከተማ ይወርዳል፤ ከጫካው እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ይወርዳሉ፤ ወደ ማርያምና ወደ ኪዳነ ምሕረት ጠበል የሚሄድ በሽተኛ ደግሞ ይወጣል። ወደ ተራራው በሚያወጣው መንገድ ላይም ለብዙ ዘመን የሳንባ ነቀርሳ በሽተኞች ሲታከሙበት የኖረው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ቆሟል። ከተማና ባላገር፥ ሰውና ከብት፥ ጠበልና ክኒን እንዲህ በአንድ ተራራ ላይ የሚገናኙበት ስፍራ ብዙ አይገኝም።

ስለ መድኃኒቶቹ ባሕርይ አስቀድሞ ጥቂት ቃል ማለት ያስፈልጋል። በሽታን ከሚያመጡት በዐይን ከማይታዩ ረቂቅ ነገሮች አንዱ ወገን ባክቴሪያ፥ ሌላው ወገን ቫይረስ ይባላል። ፔኒሲሊን፥ አሞክሲሲሊን፥ ቴትራሳይክሊን፥ ሲፕሮፍሎክሳሲንና እነዚህን የመሰሉት የሚገድሉት፥ ወይም እንዳይራባ የሚያግዱት፥ ባክቴሪያን ነው። ስለዚህ ከባክቴሪያ የሚመጣ የሳንባ ምች፥ ጨብጥ፥ ከከብትም አባ ሰንጋና አባ ጎርባ ገና ሲጀምሩ ከተደረሰባቸው በእነዚህ ይታከማሉ። ጉንፋን፥ የዶሮ ፈንግል፥ የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ ግን ከቫይረስ የሚመጡ ስለ ሆኑ፥ መድኃኒቱ በጆንያ ቢሰጥ እንኳ በሽታውን አይነካውም። ብዙው የሕፃናት ተቅማጥም የሚታከመው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ተበጥብጦ በመጠጣት እንጂ በፀረ ተሕዋስያን አይደለም።

እንግዲህ ባላገሩ እንዴት እንደሚወስደው እንመልከት። መድኃኒቱን የሚያውቀው በስሙ ሳይሆን በእንክብሉ ቀለም ነው። ባለፈው ዓመት ልጁን ያዳነውን ክኒን ቀለሙን እየጠቀሰ ይጠይቃል፤ ሻጩም ያንን ቀለም ይሰጠዋል። ነገር ግን ቀለሙን የሚመርጠው ፋብሪካው ስለ ሆነ፥ በአንድ ቀለም ሁለት ልዩ ልዩ መድኃኒት ሊገኝ ይችላል። የሚገዛውም ሙሉውን መጠን ሳይሆን በኪሱ ባለው ገንዘብ ልክ ነው፤ አራት ፍሬ፥ ስድስት ፍሬ እያለ ይቆጥራል። ሁለት ቀን ወስዶ ትኩሳቱ ሲበርድለት የቀረውን በጨርቅ ቋጥሮ ከመደብ በላይ ያኖረዋል። ጎረቤት የታመመ እንደ ሆነ ያንን ፈትቶ ያካፍላል፤ ይህም በባላገር ዘንድ የደግነት ሥራ ነው። ቁስል የያዘው ሰው እንክብሉን ከፍቶ ዱቄቱን በቁስሉ ላይ ይነሰንሰዋል። ዶሮዎቹ ፈንግል የያዛቸው እንደ ሆነ ያንኑ እንክብል በመጠጫቸው ውሃ ይበጠብጠዋል። ጨብጥ የያዘው ደግሞ ማንም ሳያየው ከሩቅ ገበያ ገዝቶ ይውጣል፤ ለሚስቱም አይነግር፥ እርስዋም ሳትታከም ትቀራለች።

መርፌ ከክኒን ይበልጣል የሚለው እምነትም የጸና ነው። መርፌ የተወጋ ሰው በእርግጥ ታከምሁ ይላል፤ ክኒን ብቻ ተሰጥቶት የተመለሰው ናቁኝ ብሎ ያስባል፤ ምንም መድኃኒት ሳይሰጠው በምክር ብቻ የተሸኘው ግን ጨርሶ እንዳልታከመ ይቆጥረዋል። ይህን የሚያውቅ የጤና ሠራተኛም በሽተኛውን ባዶ እጁን ከመስደድ ሰጥቶ መሸኘት ይቀለዋል። ላቦራቶሪ በሌለበት፥ ወረፋውም በረዘመበት ቀን ይህ ሲሆን መቅረቱ ያስደንቅ ነበር እንጂ መሆኑ አያስደንቅም። በከተማችንና በዙሪያዋ ትኩሳት የያዘው ሁሉ «ታይፈስና ታይፎይድ ተገኘብኝ» እያለ መድኃኒት ይዞ ሲመለስ የምንሰማው በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው፤ ለታይፎይድ የሚደረገው የተለመደው የደም ምርመራ ብቻውን የማይታመን መሆኑን ሐኪሞች ያውቁታል።

ስለ ምን እንዲህ ይደረጋል ብሎ መጠየቅ ይገባል። አለማወቅ ነው ብሎ ነገሩን መዝጋት የተለመደ ነው፤ ለእኛ ግን ይህ መልስ ሰነፍ መልስ ይመስለናል። አስቀድሞ የሚታየው የቀን ዋጋ ነው። ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ተሸክማ ወርዳ በዚያ ቀን ሽያጭ ልጆቿን የምታበላ ሴት፥ ሆስፒታሉ በመንገዷ ላይ ቢሆንም፥ ለምርመራ የምትቆምበት ግማሽ ቀን የዕለቱን እንጀራ ያስከፍላታል። ከሱቅ የተገዛው ክኒን የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። እንዲህ ላለው ሰው ሆስፒታሉ ቅርብ ነው ተብሎ የሚነገረው በጫማ ርቀት ተለክቶ እንጂ በጊዜ ተለክቶ አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት መልካም ትዝታ ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ አይታሰብም። በአገራችን በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ የሚባለው ትኩሳት በክረምት እየተነሣ ብዙ ሰው የፈጀ በሽታ ነው። ይህ በሽታ በአንድ መርፌ ፔኒሲሊን፥ ወይም በአንድ ጊዜ ቴትራሳይክሊን የሚድን ነው። በአማራ ክልል ለትራኮማ የዐይን በሽታ ለሕዝብ በጅምላ የሚታደለው አዚትሮማይሲንም በአንድ ጊዜ የሚዋጥ ነው። እንግዲህ መንግሥት ራሱ በአንድ ጊዜ የሚፈውስ መድኃኒት አሳይቶት ሳለ፥ ባላገሩ ለሌላውም በሽታ አንድ ጊዜ ይበቃል ብሎ ቢያስብ ከዐይኑ የተማረውን መያዙ ነው። ስለዚህ «ክኒን አታቋርጥ» ብሎ ከመጮኽ፥ ያ በሽታ በአንድ ጊዜ የዳነው ስለ ምን እንደ ሆነ፥ ይህ ግን ስለ ምን ብዙ ቀን እንደሚፈልግ መንገር ይሻላል።

ሦስተኛው የምግብ ነገር ነው። ኀይለኛ መድኃኒት በባዶ ሆድ ሆድ ይቆርጣል ይባላል፤ እውነትም የሚያቅለሸልሹ አሉ። የሚበላው የሌለው ሰው መድኃኒቱን የሚያቋርጠው በስንፍና አይደለም። በጾም ቀንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም የማይቀምስ ሰው በቀን ሦስት ጊዜ ዋጥ የተባለውን ክኒን ወይ በማታ አከማችቶ ይውጠዋል፥ ወይ ከሦስቱ ሁለቱን ይተወዋል። ሕመምተኛ ከጾም እንደሚፈታ ቤተ ክርስቲያን ትፈቅዳለች፤ ነገር ግን ፈቃዱን ከሐኪም አፍ ሳይሆን ከንስሐ አባቱ አፍ ቢሰማው ይወዳል። ለዚህ ነገር የደብሩን ካህን ማነጋገር ለወረዳ ሹም ቀላል ሥራ ነው።

የጠበሉ ነገር በእንጦጦ ከሌላው ስፍራ ሁሉ ይልቅ ጎልቶ ታይቷል። የኤች አይ ቪ በሽታ በጸናበት ዘመን እጅግ ብዙ ሕመምተኞች ከየአገሩ መጥተው በእንጦጦ ማርያም አጠገብ በኪራይ ጎጆ ተቀምጠው ይጠመቁ ነበር፤ በጠበል ላይ ሳሉ መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጉደል ነው ብለው ክኒናቸውን የተዉም ነበሩ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የቫይረስ መድኃኒት ስለ ሆነ ከፀረ ተሕዋስያን ወገን አይደለም፤ ነገር ግን ከእነዚህ ሕመምተኞች ብዙዎቹን የሳንባ ነቀርሳ አብሮ ይይዛቸው ስለ ነበር፥ የአንዱ መድኃኒት መተው የሌላውንም መተው ያስከትል ነበር። በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚገባ፥ ሁለቱም ከእግዚአብሔር የተሰጡ እንደ ሆኑ በአደባባይ ተናገሩ። ይህ ቃል ከብዙ ማስታወቂያ ይልቅ የሠራ ይመስለናል፤ ሰውን ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ሳይል የተናገረ ቃል ነውና።

አሁን ወደ በረቱ እንመለስ። ከብት ያለው ሰው በኪሱ ወይም በግድግዳው ላይ ከሚያኖራቸው መድኃኒቶች ዋናው ኦክሲቴትራሳይክሊን ነው። ከገበያ፥ ከመድኃኒት ሱቅ፥ አንዳንድ ጊዜም ከማይታወቅ አዟሪ ይገዛል፤ መርፌውንም ራሱ ይወጋል። የሚበዛው ስሕተት በመጠኑ ነው። በተለመዱት ብልቃጦች ላይ የሚጻፈው ሥርዓት ለከብቱ 10 ኪሎ ክብደት 1 ሚሊ ሊትር የሚል ስለ ሆነ፥ 250 ኪሎ የሚመዝን በሬ 25 ሚሊ ሊትር ይሻል። ሦስት በሬ ታሞበት አንዱን የ25 መጠን ለሦስቱ ያካፈለ ሰው ለእያንዳንዱ ስምንት ስምንት ያህል ሰጠ ማለት ነው። ይህም ጠንካራውን ተውሳክ የማይገድል፥ ደካማውን ብቻ የሚጠርግ መጠን ነው። ሰውዬው ግን ቸርነት ያደረገ፥ ሦስቱንም ያከመ ይመስለዋል።

ከመርፌው በኋላ መድኃኒቱ በከብቱ ሥጋና ወተት ውስጥ ለተወሰኑ ቀኖች ይቆያል። ወተቱ የማይጠጣበት፥ ሥጋውም የማይበላበት ቀን በብልቃጡ ላይ ተጽፏል፤ ቁጥሩም እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ይለያያል። ወተት የሚሸጥ ባለ ላም ግን ላሚቱ በታመመች ጊዜ ወተቱን ለአንድ ሳምንት ቢደፋ የወር ገቢውን ሩብ ያህል ደፋ ማለት ነው። ይህን ኪሳራ ማን እንደሚሸከምለት ሳይነገረው «ድፋ» ቢባል አይደፋም፤ ከሌላው ወተት ጋር ቀላቅሎ ይሰደዋል። ምልክቱን የሚያውቁት ሴቶች ናቸው፤ የተወጋች ላም ወተት አልረጋ ይላል። እርጎውን የሚያረጉት ረቂቅ ተሕዋስያን በመድኃኒቱ ስለሚሞቱ ነው። ላም አልቢ ሴት «ወተቱ ተበላሽቷል» ብላ የምትተወው ወተት በከተማ ግን ተፈልቶ ይጠጣል፤ ማፍላትም መድኃኒቱን ጨርሶ አያጠፋውም።

ስለ ሥጋውም የሚታወቅ ማስረጃ አለ። በ2012 በታተመ አንድ ምርምር ከአዲስ አበባ፥ ከቢሾፍቱና ከአዳማ ቄራዎች ከተወሰደው 384 ናሙና ውስጥ ከመቶ 71 በሚሆነው የኦክሲቴትራሳይክሊን ምልክት ተገኝቶበታል። ምልክት መገኘቱ ሁሉም ከተፈቀደው ልክ አልፏል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ከብቱ ከተወጋ በኋላ የተጻፈው ቀን ሳይሞላ ለገበያ መቅረቡ የተለመደ እንደ ሆነ ያስረዳል። የሚሞት የመሰለውን በሬ ከመሞቱ በፊት መሸጥ የባላገር የቆየ ብልሃት ነው፤ መርፌውን መጀመሪያ ወግቶ፥ አልድን ሲለው የሚሸጠውም በዚሁ ብልሃት ነው።

ይህ ሁሉ ስለ ምን ያስፈራል ቢሉ፥ ተውሳኮቹ መድኃኒቱን ስለሚላመዱ ነው። ነገሩን ገበሬ በሚያውቀው እንመስለው። የስንዴ ማሳ ውስጥ ሰፊ ቅጠል ያለው አረምና ስናር አብረው በቅለው ሳለ፥ ሰፊ ቅጠሉን ብቻ የሚገድለው ቱ ፎር ዲ የሚባለው የአረም መድኃኒት ቢረጭ፥ ስናሩ ባዶ የቀረውን ስፍራ ይወርሳል። በየዓመቱ ያንኑ ብቻ የሚረጭ ገበሬ ከጥቂት ዓመት በኋላ ማሳው ስናር ብቻ ሆኖ ያገኘዋል። ስናሩ መድኃኒቱን አልተማረም፤ ቀድሞም የማይነካው ነበር፤ ተቀናቃኙ ስለ ጠፋለት በዛ እንጂ። በሰውነት ውስጥም እንዲሁ ነው። ከሚሊዮን ተውሳኮች መካከል መድኃኒቱ የማይነካቸው ጥቂት ይገኛሉ፤ ሌሎቹ ሲሞቱ እነዚህ ይራባሉ። ከስናር የሚከፉበት ግን አንድ ነገር አላቸው፤ ይህን የመቋቋም ኀይላቸውን ለሌላ ወገን ተውሳክ እንኳ ማቀበል ይችላሉ፤ ከላም አንጀት ተውሳክ ወደ ሰው አንጀት ተውሳክ ሊሻገር ይችላል። ደግሞም የስናር ዘር አንድ ዓመት ይጠብቃል፤ ባክቴሪያ ግን ሲመቸው በ20 ደቂቃ እጥፍ የሚሆን አለ።

ይህ አዲስ የተገኘ ፍርሃት አይደለም። ፔኒሲሊንን በ1928 ያገኘው ስኮትላንዳዊው ሐኪም አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ሽልማት በተቀበለ ጊዜ ባደረገው ንግግር፥ ሰው መድኃኒቱን ከሱቅ እየገዛ ከመጠን በታች ቢወስድ ተውሳኮቹ እንደሚላመዱት አስጠንቅቆ ነበር። በ1943 የተገኘው ስትሬፕቶማይሲንም ለሳንባ ነቀርሳ ብቻውን ሲሰጥ በሽተኞቹ መጀመሪያ ይሻላቸውና ከወራት በኋላ መድኃኒቱ አልነካ ይላቸው ነበር፤ ለነቀርሳ ብዙ መድኃኒት በአንድነት መስጠት የተጀመረው ስለዚህ ነው። በነገራችን ላይ እነዚህ መድኃኒቶች ብዙዎቹ ከአፈር የወጡ ናቸው። የቴትራሳይክሊን ወገን መጀመሪያ የተገኘው በአሜሪካ በሚዙሪ ካለ የእርሻ መሞከሪያ ማሳ አፈር ውስጥ ከሚኖር ተውሳክ ነው፤ ለዓለም የተነገረውም በ1948 ነው። በዓባይ ዳር በጥንታዊት ኖብያ ከ1500 ዓመት በፊት በተቀበሩ ሰዎች አጥንት ውስጥም ቴትራሳይክሊን መገኘቱ በ1980 ታውቋል፤ ሊቃውንቱም እንደ ጠላ ካለ የእህል መጠጥ የገባ ነው ይላሉ።

መላመዱ የሚያመጣውን መከራ ለማየት እንደ ገና ወደ እንጦጦ መንገድ እንውጣ። ተራው የሳንባ ነቀርሳ በስድስት ወር መድኃኒት ይድናል፤ መጀመሪያ ሁለት ወር አራት መድኃኒት፥ ቀጥሎ አራት ወር ሁለት መድኃኒት ነው። ዋናዎቹን ሁለት መድኃኒቶች የተላመደው ነቀርሳ ግን በእነዚህ አይድንም። በአገራችን ለዚህ ዓይነት ነቀርሳ በሥርዓት የተያዘ ሕክምና የተጀመረው በየካቲት 2009 ገደማ በዚሁ በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ነው፤ ከዚያ በፊት በሽተኛው ሞቱን ይጠብቅ ነበር ማለት ይቻላል። በዚያን ጊዜ ሕክምናው ሁለት ዓመት ያህል የሚፈጅ ሆኖ፥ ከዚያም ብዙ ወር በየቀኑ መርፌ ነበረበት፤ መርፌውም ጆሮ የሚያደነቁር ነበር። ሠራተኞቹ በሽተኛውን በቤቱ እየጎበኙ፥ ምግብና የቤት ኪራይ እየረዱ አስታመሙ። በቅዱስ ጴጥሮስና በጎንደር ሆስፒታል እስከ 2014 ከታከሙት መካከል ውጤታቸው የተመረመረው 612 በሽተኞች ሲቆጠሩ፥ ከመቶ 78 የሚሆኑት ሕክምናቸውን በመልካም ፈጸሙ። ይህ በሌሎች ብዙ አገሮች ከተገኘው የበለጠ ነው። ምግቡንና ኪራዩን ያነሣነው አለምክንያት አይደለም፤ ሰውየው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የፈጸመው የሚበላው ስላገኘ ጭምር ነው። ከ2022 ወዲህ የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ነቀርሳ በአፍ የሚዋጥ የስድስት ወር ሕክምና ፈቅዷል፤ እርሱም ቢሆን ዋጋው ከተራው ጋር አይተካከልም።

ነገሩ የመከልከል ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ ሌላ ታሪክ እንጨምር። በምሥራቅ ጎጃም በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ከ2006 ጀምሮ ስለ ትራኮማ ታላቅ ምርምር ተደርጎ ነበር። በአንዳንድ መንደሮች ከ1 እስከ 10 ዓመት ያሉ ሕፃናት በየሦስት ወሩ አዚትሮማይሲን ሲሰጣቸው፥ በሌሎቹ መንደሮች መድኃኒቱ ለዓመት ዘግይቶ ነበር። በዓመቱ የተገኘው ነገር ሁለት ፊት ያለው ነው። መድኃኒቱ በተሰጠባቸው መንደሮች የሕፃናት ሞት በግማሽ ያህል አነሰ። በዚያው ጊዜ ግን በሕፃናቱ አፍንጫ ውስጥ ከሚኖረው የሳንባ ምች ተውሳክ ይህን መድኃኒት የተላመደው የተገኘባቸው ሕፃናት ከመቶ 3.6 ተነሥተው ወደ 46.9 ደረሱ። እደላው ከቆመ በኋላ ደግሞ የተላመደው ተውሳክ እያነሰ ሄደ። ከዚህ የምንረዳው፥ መድኃኒቱ ሕይወት የሚያድን መሆኑን፥ በበዛ ቁጥርም የሚደክም መሆኑን፥ ፋታ ሲያገኝ ደግሞ ኀይሉ በከፊል ሊመለስ እንደሚችል ነው። መሬትን አሳርፎ የሚዘራ ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

በዓለም ላይ መድኃኒትን በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት ብቻ በ2019 የሞተው ሰው 1.27 ሚሊዮን እንደሚሆን ተገምቷል፤ ከሁሉ የበረታውም ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ነው። ሆኖም በእኛ ባላገር ዛሬም መድኃኒቱ በመብዛቱ ከሚሞተው ይልቅ መድኃኒቱን በጊዜው ባለማግኘት የሚሞት ሕፃን መኖሩን መርሳት አይገባም። መንግሥት በ2010 የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሕፃናትን የሳንባ ምች በቀበሌ በፀረ ተሕዋስያን እንዲያክሙ የፈቀደው ስለዚህ ነው። የሚተነፍሰው በፍጥነት የሆነ፥ ጎኑ የሚሰረጎድ ሕፃን ወደ እነርሱ በቶሎ መድረስ አለበት።

እንግዲህ በእጃችሁ ስላለው ሥራ። ያለ ሐኪም ማዘዣ የሰውን ፀረ ተሕዋስያን መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ይመለከተዋል፤ የከብቱንም በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 728 ይመለከተዋል። ሹም ገበያ ወጥቶ አዟሪውን ቢያስይዝ መልካም ነው። ነገር ግን በዚያው ሳምንት የጤና ኬላው መድኃኒት አልቆበት ከሆነ፥ አዟሪው በሚመጣው ሳምንት በሌላ ገበያ ይገኛል፤ ባላገሩም ሁለት ሰዓት አብልጦ ሄዶ ይገዛዋል፤ ስለዚህም ከመያዙ በፊት የኬላውን መጋዘን መጠየቅ ይቀድማል። ስንት ቀን አሞክሲሲሊን ጠፋ? ለምን ጠፋ? ጥያቄው ከወረዳ በጽሑፍ ሲመጣ መልሱም ቶሎ ይመጣል። የገበያ ቀን የኬላው በር ተዘግቶ የሚውል ከሆነ ደግሞ ሰዓቱን ማዛወር ገንዘብ አይጠይቅም።

በከብቱ በኩል የሚበልጠው ክትባት ነው። ለአባ ሰንጋ፥ ለአባ ጎርባና ለደስታ መሰል በሽታ የሚሆነው ክትባት በአገራችን በቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይሠራል። ለፈንግልም ሙቀት በቶሎ የማያበላሸው፥ በዶሮዋ ዐይን አንድ ጠብታ የሚንጠባጠብ ክትባት አለ። ዶሮዋ ከተከተበች እንክብል በውሃ የሚበጠብጥላት ሰው አይኖርም፤ በሬው ከተከተበ ብልቃጥ ለሦስት የሚያካፍል አይኖርም። ክትባቱ የሚጠቅመው ግን በሽታው ከመነሣቱ በፊት ሲደርስ ነው፤ በአካባቢያችሁ በሽታው የሚነሣበትን ወር ሽማግሌዎች ያውቁታል፥ ጠይቃችሁ ጥያቄውን ከዚያ ሁለት ወር አስቀድማችሁ ላኩ። በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት ፈጽሞ አይገፈፍ፥ አይታረድም፤ ሳይከፈት በጥልቅ ይቀበር ወይም ይቃጠል።

ስለ ወተቱ ኪሳራ የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበር ባለበት ስፍራ አንድ ነገር ይቻላል። አባሎቹ ከሚያስረክቡት ወተት ከሊትሩ ጥቂት ሳንቲም ተቀንሶ ቢቀመጥ፥ ላሙ ተወግታ ወተቱን ለሚደፋ አባል ከፊሉን መካስ ይቻላል። ይህን ማኅበሩ ራሱ ቢመክርበት እንጂ በትእዛዝ ባይሆን ይሻላል። ለማኅበር ያልደረሰ ባለ ላም ግን ቢያንስ የተወጋችውን ላም ለብቻ እንዲያልብ፥ ቀኑንም በግድግዳው ላይ በከሰል እንዲያሰምር ቢመከር፥ ምንም ወጪ የለበትም።

በመጨረሻም ስለሚጣለው መድኃኒት። ቀበናና ቀጨኔ ከእንጦጦ ተራራ ሥር መንጭተው ከተማውን አቋርጠው ወደ አቃቂ ወንዝ ይገባሉ፤ በአቃቂ ዳር በዚያ ውሃ ጎመን፥ ሰላጣና ሌላም አትክልት ይለማል፤ አትክልቱም ተመልሶ ለከተማው ይሸጣል። የተረፈና ጊዜው ያለፈ ክኒን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲመለስ፥ የከብት መርፌ ብልቃጥም ወደ ወንዝ እንዳይጣል በየቀበሌው ስብሰባ ሲነገር፥ ውሃው ከተራራው ወርዶ ወዴት እንደሚደርስ አብሮ ይነገር።